አንቲቫይረስ የሌላት ጥሩንባ

አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ስላችሁ ደግሞ ድሮ፣ እንስሳት ይናገሩ በነበረበት ጊዜ እንዳይመስላችሁ። ስልክ ከሰው በላይ የሚለፈልፍበት የእኛው ዘመን ነው። ከቀበና ወንዝ ማዶ ባለ አንድ ሰፈር ጋሽ ዘርጋው የሚባል የእድር ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ጥሩንባውን አንግቶ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር «እገሌ አርፏል፤ ያልሰማህ ስማ!» እያለ ሲዞር ኖሯል። ሰው ጥሩንባዋን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ያማትባል፣ ከዚያ «ዘርጋው ነው» ብሎ ነጠላውን ይፈልጋል። ደሞዙ እንኳ ደሞዝ አይባልም። ግን ሚስቱን የቀበረውም፣ ልጁን የዳረውም «ጥሩንባ ነፊው ዘርጋው» ተብሎ ነው። በዚህ ምድር ላይ ሌላ ማዕረግ የለውም፤ ፈልጎም አያውቅም።

የዚሁ እድር ጸሐፊ አቶ ልሳኑ ይባላሉ። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የማያውቁት ነገር የሌለ ሰው ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሄደው ሐኪሙን መክረውት ይመለሳሉ። ቄሱ ሲሰብኩ ከሥር ከሥር ያርማሉ። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ስማርት ስልክ ሲገባ ምን እንደሚከተል እናንተው አስቡት! በመጀመሪያ የእድሩን አባላት በሙሉ ሰብስበው የስልክ ግሩፕ ውስጥ አስገቡ። እሺ፣ ይህስ ደግ ነገር ነው፣ ማንም አልከፋውም። ቀጥሎ ግን አንቲቫይረስ የሚሉት ነገር ያዛቸው። ያዛቸው ነው የምላችሁ፣ እንደ ጉንፋን።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው ራሱ ተለወጠ። ልቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ንፍሮ እየዘገኑ፣ ሐዘንተኛውን ሳይቀር ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «እግዜር ያጽናህ፤ አንቲቫይረስ ጭነሃል?» ይሉታል።

«ስልክ ያለ አንቲቫይረስ ማለት በር የሌለው ቤት ማለት ነው!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «እኔ በራሴ ስልክ ላይ ሦስት ጭኛለሁ። ሦስት!»

አንድ ስልክ ጠጋኝ የሆነ አባል አንድ ጊዜ ደፈረና፣ «አቶ ልሳኑ፣ የዛሬ ስልክ እኮ የራሱ መጠበቂያ አለው። ከታወቀው ቦታ ውጪ ካላወረዱ፣ የማያውቁትን ሊንክ ካልነኩ፣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይበቃል። ሦስት ሲደራርቡበት ባትሪዎን ነው የሚበሉት» አላቸው።

«አንተ ብሎንህን ፍታ!» ብለው አሳፈሩት።

አንድ ሳምንት የእድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ አቶ ልሳኑ የሁሉንም ስልክ እየተቀበሉ ሲመረምሩ፣ ጋሽ ዘርጋው ዘንድ ደረሱ። ጋሽ ዘርጋው ከኪሱ ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኩን፣ በላስቲክ የታሰረችዋን፣ አውጥቶ ሰጣቸው።

«ይሄ ስልክ ነው ድንጋይ?» አሉት።

«ሁለቱም ነው ጌታዬ። ይደውላል፤ ውሻ ከመጣም ይወረወራል።»

ኮሚቴው ሳቀ። አቶ ልሳኑ ግን መሳቅ አይወዱም፤ በተለይ ያልጀመሩትን ሳቅ። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ «እንግዲያው ስማኝ ዘርጋው» አሉት። «የፊታችን እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ሐሳብ አቀርባለሁ። አባል ሁሉ አንቲቫይረስ ይጭናል። የሞት ዜና በግሩፕ ብቻ ይነገራል። ጥሩንባ የሚባል ነገር ይቀራል። አንተም ታርፋለህ።»

«እኔ መች ደከመኝ አልኩ?»

«ዘመኑ ነው ባንተ የደከመው!»

ጋሽ ዘርጋው ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ጌታዬ። ይሄ አንቲቫይረስ የሚሉት ውሸት ይይዛል?»

«ውሸት ምን አገናኘው? ውሸት ቫይረስ አይደለም!»

«እኛ ሰፈር የበዛው እኮ እሱ ነው።»

ኮሚቴው እንደገና ሳቀ። ሳቅ ግን ጉባኤ ላይ ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም። ጋሽ ዘርጋው ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ጥሩንባዋን ከተሰቀለችበት አውርዶ በጨርቅ ወለወላት፤ መልሶ ሰቀላት፤ ደግሞ አወረዳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬው ከፍቶት ነበር። በስድሳ አራት ዓመቱ «ጥሩንባ ነፊው ዘርጋው» ላይ ጥሩንባው ሲቀነስ ምን እንደሚቀር እያሰበ ሳምንቱን እንቅልፍ አልተኛም።

እሁድ ደረሰ። ጉባኤው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ግን ከአቶ ልሳኑ ስልክ ወደ እድሩ ግሩፕ አንድ መልእክት ገባ። «ውይ! ማን እንደሞተ አያችሁ? ፎቶውን ለማየት እዚህ ይንኩ» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል፤ ዘጠኝ ናቸው።

እንግዲህ ፍረዱ! ሌላ ሰው ቢሆን አንዱ ይነካው፣ አንዱ ያልፈው ይሆናል። እድርተኛን «ማን እንደሞተ አያችሁ» ብለኸው እንዴት አይነካም? ከቀብር መቅረት ያስቀጣል። ከቅጣቱ የሚብሰው ደግሞ «ሲሞትብኝ ብቅ አላለም» የሚለው ቂም ነው፤ እሱ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ሁሉም ነካው። አንቲቫይረስ የጫነውም ነካ፣ ያልጫነውም ነካ። «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» አላቸው፤ አስገቡ። «በመልእክት የደረስዎትን ቁጥር ያስገቡ» አላቸው፤ አስገቡ። ፎቶ የሚባል ነገር የለም! ጭራሽ የእያንዳንዱ ሰው ስልክ ያንኑ መልእክት በተራው ለዘመዱ፣ ለአማቱ፣ ለመሥሪያ ቤት አለቃው መላክ ጀመረ። ከየክፍለ ሀገሩ «ኧረ ማን ሞተብን?» የሚል ስልክ ይጎርፍ ገባ።

እዚህ ላይ እትዬ አሰገደች ብቅ አሉ። እትዬ አሰገደች የሰፈሩ አልቃሽ ናቸው፤ ልቅሶ ያለ እሳቸው አይሞቅም። በራቸው ላይ ቆመው ለተሰበሰበው ሰው ነገሩን ተነተኑት።

«ቆይ፣ ጸሐፊው ሁልጊዜ ሲጽፍ ምን ያደርጋል? የሟቹን ስም ከነአያቱ ይጽፋል፤ ቀብሩ የት እንደሆነ ይጽፋል፤ ነጠላ ሰረዟ እንኳ አትቀረውም። ዛሬ ስም አለ?»

«የለም።»

«ለምን የለም? የጻፈው እሱ አይደለማ! ሚስቱ ናት በስልኩ የጻፈችው። ሚስቱ ለምን ጻፈች? እሱ ስለማይችል! ለምን አይችልም?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ወይኔ ልሳኑ! ወይኔ ያ አንደበት!»

ለአቶ ልሳኑ ደወሉ፤ ስልኩ አይነሳም። ያኔማ ነገሩ ተረጋገጠ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች ሸራውንና ቋሚውን ተሸክመው ወጡ፤ ከኋላ አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ የንፍሮ ብረት ድስት። የእድሩ ዳኛ ሻምበል ወርቅነህ ከፊት ሆነው ሰልፉን እየመሩ የጋሽ ዘርጋው በር ላይ ደረሱ።

«ዘርጋው! ጥሩንባህን ይዘህ ውጣ! ልሳኑ አርፏል!»

ጋሽ ዘርጋው ሻይ እየጠጣ ነበር። ደነገጠ፤ ከድንጋጤው ሥር ግን አንዲት ነገር፣ «እንግዲህ ጥሩንባህ ተረፈች» የምትል፣ ጭል አለችበት። ወዲያው አፈረ። «ይቅር በለኝ» አለና አማተበ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ግሩፕ ላይ ወጥቷል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ማን አየ?»

«ሁላችንም አይተናል!»

«ምኑን?»

«መልእክቱን ነዋ!»

«እኔ እኮ የምጠይቀው ሰውዬውን ነው» አለ ጋሽ ዘርጋው። ጥሩንባዋን አነሳና ብብቱ ሥር ሸጎጣት። «ደጁን ሳልረግጥ አልነፋም።»

«ትእዛዝ ነው፣ ንፋ!» አሉ ሻምበል።

«ሻምበል፣ ሃያ ሁለት ዓመት በወሬ ነፍቼ አላውቅም። መጀመሪያ ሄጄ ልየው።»

ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ «ዛሬ ከጥሩንባው ሊያሰናብተው ስለነበረ ነው፤ ለሬሳ ቂም ይያዛል እንዴ!» አለ። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ ነውር ነው» እያሉ አጉረመረሙ። ይህች ነገር ጋሽ ዘርጋውን እንደ እሾህ ወጋችው። ከዚህ በኋላ ጉባኤው ላይ ድምፅ የሚሰጠው ሰው እንደማይኖር ገባው። ቢሆንም አልነፋም። ከሁሉም ቀድሞ ወደ አቶ ልሳኑ ቤት ሄደ። የቆርቆሮውን በር በጣቱ አንጓ ቀስ አድርጎ አንኳኳ።

የአቶ ልሳኑ ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ ከፈቱለት። መጥረጊያ ይዘዋል፣ ፊታቸው ላይ እንባ የለም።

«ምነው በጠዋቱ ጋሽ ዘርጋው? በደህና ነው?»

ጋሽ ዘርጋው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። እንዴት ብሎ እንደሚጠይቅ ጨነቀው። «እ… አቶ ልሳኑ… አሉ ወይ?»

«የት ይሄዳሉ! ከንጋት ጀምሮ ከስልካቸው ጋር ሲጣሉ ነው ያሉት፤ ቁርስም አልበላ ብለዋል። እስቲ ግባና አንተ ምከራቸው።»

ሲገባ አቶ ልሳኑ በቢጃማ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘውታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማለዳ ሲነሱ ስልኩ ላይ «አሥራ ሰባት ቫይረስ ተገኝቶብዎታል! ነፃ አንቲቫይረስ ለመጫን እዚህ ይንኩ» የሚል ጽሑፍ አገኙ። አራተኛ መጨመሩ ነው ብለው በደስታ ነኩት፤ ቁጥር ጠየቃቸው ሰጡት፣ ሌላ ቁጥር ጠየቃቸው፣ እሱንም ሰጡት። ለካ አራተኛው አንቲቫይረስ ራሱ ሌባው ኖሯል! ሦስቱ ጠባቂዎች ቆመው እያዩ ባለቤቱ በእጁ ቁልፉን አስረከበው። ሌባውም ያንን የሞት መልእክት በእሳቸው ስም ለግሩፑ በተነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጥሪም አያስነሳ፣ ጭራሽ አቶ ልሳኑን «ማን ልበል?» እያለ ይጠይቃቸዋል።

«ዘርጋው፣ ሥራ ላይ ነኝ!» አሉት ቀና ሳይሉ።

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» አለ ጋሽ ዘርጋው። ከልቡ ነው ያለው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ወዲያው ከውጭ የካስማ ድብደባ ተሰማ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ተከትሎ የእትዬ አሰገደች ድምፅ ሰፈሩን ሞላው።

«ሁሉን አዋቂዬ፣ ሁሉን ተናጋሪዬ፣
ማን ሊያርመኝ ነው ዛሬ ስሳሳት በእንባዬ!»

አቶ ልሳኑ ከሶፋው ዘለው ተነሱ። «ምንድን ነው? በራችን ላይ ማን ሞተ?»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ» አለ ጋሽ ዘርጋው።

አቶ ልሳኑ በቢጃማቸው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እትዬ አሰገደች ሁለተኛውን ግጥም ጀምረው ነበር፤ ግማሹ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሻምበል እንኳ አማተቡ። መጀመሪያ አፋቸውን የፈቱት እትዬ አሰገደች ናቸው፤ እሱም የተፈታው በቁጣ ነው።

«ኧረ ምን ዓይነቱ ነው! ሰው እንዲህ ተለቅሶለት አለሁ ብሎ ይወጣል?»

ጎረምሶቹ መዶሻቸውን እንደያዙ ተያዩ። «ሻምበል፣ ድንኳኑን እንንቀለው ወይስ ትንሽ እንቆይ?» አሉ።

ሻምበል አሰቡበት። አንዴ ተተክሏል፤ ወንበሩም ተደርድሯል፤ የእድሩ አዳራሽ ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል። «ይቆይ» አሉ፤ «ጉባኤውን እዚሁ እናደርገዋለን።» እንዲህ ሆኖ ስምንት ሰዓት ላይ ሕዝቡ በዚያው ድንኳን ውስጥ፣ በአቶ ልሳኑ ደጅ፣ ንፍሮውን እየዘገነ ተሰበሰበ። ንፍሮው አንዴ ተቀቅሏል፣ ምን ይደረግ!

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ቀን አንገቱን ደፍቶ ይውላል። አቶ ልሳኑ ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ ያንኑ ሐሳባቸውን ይዘው ቀረቡ። እንደውም ብሶባቸዋል።

«የተከበራችሁ የእድሩ አባላት! በዛሬው ጠዋት የሆነው ነገር ልክ መሆኔን አረጋግጧል። እኔ ሦስት አንቲቫይረስ ጭኜ ከተታለልኩ፣ ይህ የሚያሳየው አምስት እንደሚያስፈልግ ነው! አምስት!» ስልክ ጠጋኙ ራሱን ያዘ። እሳቸው ቀጠሉ። «በግሩፑ ላይ ፍርሃት አድሮባችሁ ወደ ጥሩንባ እንመለስ የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እስቲ እንግዲያው ይህ ሰው ራሱ ይንገረን!» ጣታቸውን ወደ ጋሽ ዘርጋው ቀሰሩ። «የእሱ ጥሩንባ ላይ ምን አንቲቫይረስ አለ? ስንት ጠባቂ አላት? አንድ ወስላታ መጥቶ እገሌ ሞተ፣ ንፋ ቢለው፣ ምን ያግደዋል? ምንም! ባዶ ቆርቆሮ! ዘርጋው፣ መልስልኝ፤ መልስ ከሌለህ ጥሩንባህን ዛሬውኑ ለእድሩ አስረክብ!»

ሻምበል ወደ ጋሽ ዘርጋው ዞሩ። «ዘርጋው፣ መልስ አለህ?»

ጋሽ ዘርጋው ተነሳ። ጠዋት «ለሬሳ ቂም ይያዛል» ያሉት ሰዎች ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ጥሩንባዋን በሁለት እጁ ይዞ ድንኳኑን ዙሪያውን አየው፤ ሸራውን፣ ቋሚውን፣ ንፍሮውን። ከዚያ ወደ አቶ ልሳኑ ዞሮ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«አቶ ልሳኑ፣ ጥሩንባዬ አንቲቫይረስ ባይኖራት ኖሮ እኮ፣ ይሄኔ በዚህ ድንኳን የሚናገሩት እርስዎ አይሆኑም ነበር፤ የሕይወት ታሪክዎ ነበር የሚነበበው።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው! ሻምበል ሳቃቸውን በመሀረብ አፍነው «ጥሩንባው ይቀጥል የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ሲሉ፣ የሰፈሩ ሰው እጅ እንደ ደን ተነሳ። አቶ ልሳኑም ከረቫታቸውን ላላ አድርገው፣ እየሳቁ እጃቸውን አነሱ፤ ይህኔ እትዬ አሰገደች ከኋላ ብድግ ብለው ጮኹ፦

«ሻምበል፣ የሟች ድምፅ እንዳይቆጠር!»